አይቶ እንዳላየ፦ ገለልተኛ ሀገር ለምን የሰላይ መናኸሪያ ይሆናል?

ኦገስት 1943 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ፍሪትዝ ኮልበ የሚባል ጀርመናዊ ከበርሊን በባቡር ተነስቶ የስዊዘርላንድ ዋና ከተማ በርን ገባ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው። የመጣው የታሸገ የዲፕሎማቲክ ፖስታ ሊያደርስ ነው። ከሱሪው ሥር ግን ሌላ ፖስታ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ያወጣቸውን ሚስጥራዊ ወረቀቶች እግሩ ላይ አስሮ ነው ድንበር የተሻገረው።

መጀመሪያ የተሞከሩት እንግሊዞች ነበሩ። ወጥመድ መሰላቸውና አልተቀበሉትም። ቀጥሎ አሜሪካኖች ጋ ተሄደ። እነሱም ጠረጠሩ፤ ግን አስገቡት። ኮልበ ገንዘብ አልጠየቀም። ናዚዎችን ይጠላ ነበር፣ በቃ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በእሱ በኩል 1,600 ገደማ ሰነዶች አሜሪካኖች እጅ ገቡ።

የሰውየው ድፍረት እንዳለ ሆኖ፣ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቦታው ነው። በርሊን ውስጥ ሆኖ ለአሜሪካ ወረቀት ልስጥ ቢል የሚቀበለው የለም፤ ኤምባሲው ከተዘጋ ቆይቷል። ለንደን የሚወስድ ባቡር የለም። በርን ላይ ግን የጀርመን ዲፕሎማትና የአሜሪካ ዲፕሎማት በአንድ መንገድ ያልፋሉ፣ ከአንድ ኪዮስክ ጋዜጣ ይገዛሉ። ወንድሞቻቸው ጣሊያን ውስጥ ይገዳደላሉ። እነሱ እዚህ ላለመተያየት ፊታቸውን ያዞራሉ።

የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬን ውስጥ ከዘመተች በኋላ የአውሮፓ ሀገሮች የሩሲያ ዲፕሎማቶችን በገፍ አባረሩ። በኤፕሪል ወር ብቻ ጀርመን 40፣ ፈረንሳይ 35 ሰዎች አስወጡ። ኦስትሪያ ያስወጣችው 4 ነው። ስዊዘርላንድ ያኔ ማንንም አላስወጣችም። የስዊዘርላንድ የመረጃ አገልግሎት ራሱ በ2023 ሪፖርቱ እንዳለው፣ በርንና ጄኔቫ ባሉ የሩሲያ ሚሲዮኖች ከተመዘገቡት 220 ያህል ሰዎች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለስለላ ድርጅቶች እንደሚሠሩ ይገመታል። ልብ በሉ፣ ይሄ የጎረቤት ክስ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ራሷ ስዊዘርላንድ ናት "ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያሉ እንግዶች አሉ" የምትለው።

ታዲያ ለምን አታስወጣቸውም? የተለመደው መልስ ቸልተኝነት ነው ወይም የሕግ ክፍተት ነው የሚል ነው። እኔ አይመስለኝም። ገለልተኛ ሀገር ዓይኗን የምትጨፍነው እንቅልፍ ወስዷት አይደለም። መጨፈኑ ዋጋ አለው። ታስከፍልበታለች።

ሕጉ ምን ይከለክላል?

ብዙ ሰው በገለልተኛ ሀገር መሬት ላይ መሰለል በዓለም አቀፍ ሕግ በግልጽ የታገደ ይመስለዋል። የ1907ቱ የሄግ ስምምነቶች ግን ሰላይ የሚሉት በተፋላሚዎች የውጊያ ቀጠና ውስጥ ተደብቆ መረጃ የሚለቅመውን ነው። ከጦር ሜዳው ርቆ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የሚያንሾካሹክ ሰው እዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። የእሱ ጉዳይ ለባለቤቷ ሀገር የወንጀል ሕግ የተተወ ነው።

ስምምነቱ በማያሻማ ቋንቋ የሚከለክለው ነገር ሬዲዮ ነው። ተፋላሚ ወገን ከጦሩ ጋር የሚገናኝበት ጣቢያ በገለልተኛ ሀገር ማቆም አይችልም። ባለቤቷም ይህን መፍቀድ የለባትም። የሀገሪቱን ስልክና ቴሌግራፍ መጠቀም ግን ይቻላል፤ ለሁሉም እኩል ይሁን እንጂ። በዚህ ዓይን ካየነው፣ ወሬ የሚለቅመው ሰው ራሱን ነው የሚያስጠይቀው። ድብቅ ሬዲዮ ግን ባለቤቷን ጭምር ያስጠይቃል።

የ1961ዱ የቪየና ስምምነት ደግሞ ዲፕሎማት የተቀባዩን ሀገር ሁኔታ "በማናቸውም ሕጋዊ መንገድ" አጣርቶ ለመንግሥቱ እንዲያሳውቅ ይፈቅዳል። መረጃ መሰብሰብ የዲፕሎማት መደበኛ ሥራ ነው ማለት ነው። ወታደራዊ አታሼ፣ ማለትም ኤምባሲ ውስጥ የሚመደብ መኮንን፣ ደግሞ ዩኒፎርም ለብሶ በግልጽ የተቀመጠ ጠያቂ ነው። ጣጣው ያለው "ሕጋዊ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። መስመሩን ያለፈ ዲፕሎማት አይታሰርም። "ፐርሶና ኖን ግራታ" ተብሎ፣ ማለትም አትፈለግም ተብሎ፣ ሻንጣውን ይሸክፋል።

የባለቤቷ ድርሻ

ስዊድንን እንይ። ጀርመን በኤፕሪል 1940 ኖርዌይን ስትወር ከኦስሎ ጋር የምትነጋገርበት መስመር አስፈለጋት። ምቹው ገመድ የሚያልፈው በስዊድን ነው። ስዊድን ፈቀደች። ፈቀደችና ገመዱን ጠለፈችው። መልእክቱ የሚተላለፈው ጀርመኖች አይደፈርም ብለው በሚያምኑበት የቴሌፕሪንተር ማመስጠሪያ ነበር። አርነ ቦይርሊንግ የሚባል የኡፕሳላ የሒሳብ ሊቅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠና በሁለት ሳምንት ውስጥ አሠራሩን ፈታው። ጀርመን መብት ያገኘች መሰላት። ስዊድን በዚያው መብት በኩል የጀርመንን ደብዳቤ ታነብ ነበር።

ሌላም አለ። ሜይ 20 ቀን 1941 ጎትላንድ የምትባል የስዊድን የጦር መርከብ ካቴጋት ባሕር ላይ ስትቃኝ ቢስማርክን አየች። የጀርመን ባሕር ኃይል ያለ የሌለ ተስፋውን የጣለባት ግዙፍ መርከብ ወደ ሰሜን እየሄደች ነው። ጎትላንድ ያየችውን ለበላዮቿ አሳወቀች፤ ደንቡም ይኸው ነው። ወሬው በዚያው ዕለት ከስዊድን የመረጃ ሰዎች ወደ ኖርዌይ ወታደራዊ አታሼ ተሻገረ። እሱ ስቶክሆልም ላለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አታሼ ለሄንሪ ደንሃም ነገረው። ደንሃም ወደ ለንደን ቴሌግራም መታ። ከሳምንት በኋላ፣ ሜይ 27 ቀን፣ ቢስማርክ ባሕር ውስጥ ሰጠመች።

እዚህ ውስጥ ሰላዩ ማን ነው? ካዝና የሰበረ የለም። መርከበኞች አዩ፣ መኮንን ለመኮንን አወራ። ስዊድን በይፋ ለማንም አልወገነችም። ግን ወሬው በየት በር እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ስቶክሆልም ውስጥ ነበረ።

ስዊዘርላንድ ደግሞ ነገሩን ከዚህም አራቀቀችው። የመረጃ አገልግሎቷ አለቃ ሮጀ ማሶን ከናዚው የስለላ ሹም ከቫልተር ሼለንበርግ ጋር ቀጥታ ግንኙነት ነበረው። በማርች 1943 ሼለንበርግ ስዊዘርላንድ ድረስ መጥቶ ከጦር አዛዡ ከጄኔራል ጊዛን ጋር ተገናኝቷል። በዚያው ጊዜ የዚያው አገልግሎት መኮንኖች ከጀርመን ጠላቶች ጋር ይሠሩ ነበር። በሁለት ቢላ መብላት የሚባለው ይሄ ነው። ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። ከኖቬምበር 1942 ጀምሮ ሀገሪቱ በጀርመንና በጣሊያን ጦር ዙሪያዋን ተከባለች። "ሊወሩን ነው ወይስ አይደለም?" የሚለው ጥያቄ ከሌሊት ወደ ሌሊት የሚያሳድር ጥያቄ ነበር። መልሱን የሚያውቁት ደግሞ እነዚያው ሰላዮች ናቸው። ብታባርራቸው መልሱም አብሮ ይሄዳል።

የሩዶልፍ ሮስለር ጉዳይ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከናዚዎች ሸሽቶ ሉሰርን ከተማ የገባ ጀርመናዊ የመጻሕፍት አሳታሚ ነው። ከጀርመን የሚያገኘውን ወታደራዊ መረጃ ለስዊዘርላንድ ይሰጣል። ያው መረጃ በሌሎች እጅ አልፎ ጄኔቫ ውስጥ ላለው የሶቪየት መረብ ይደርሳል። መረቡ ወደ ሞስኮ የሚያስተላልፈው በድብቅ ሬዲዮ ነበር። ከአስተላላፊዎቹ መካከል ጄኔቫ ውስጥ የሬዲዮ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? ሬዲዮ ሠሪ ሬዲዮ ይጎረጉራል።

በኦክቶበር 1943 የስዊዘርላንድ ፖሊስ በሬዲዮ አቅጣጫ መፈለጊያ እየተመራ መጥቶ ባልና ሚስቱን ያዛቸው። ሮስለር ግን ወዲያው አልተነካም። በኋላ ታሰረ፣ ለወራት ተቀመጠ፣ ተፈታ። በ1945 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ቢባልም ለስዊዘርላንድ የዋለው ውለታ ታይቶ ቅጣት ቀረለት። በ1953 ይኸው ሰው ለቼኮዝሎቫኪያ መረጃ ሲሰጥ ተገኘና አንድ ዓመት ተፈረደበት። ሰውየው ያው ነው፣ ሥራውም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የተለወጠው ባለቤቷ ከሱ የምታገኘው ጥቅም ነው።

በሩን በግላጭ የከፈተው አሜሪካዊ

ኮልበን የተቀበለው አለን ደለስ ነው፤ በኋላ የሲአይኤ አለቃ የሆነው። በርን የገባው በኖቬምበር 1942፣ የፈረንሳይ ድንበር ከኋላው ሲዘጋ ነው። ይፋዊ ሥራው የአሜሪካ ሚሲዮን መሪ ልዩ ረዳት መሆን ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ የስዊዘርላንድ ጋዜጣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የግል ተወካይ መጣ ብሎ ጻፈ። ለሰላይ ይሄ ጥፋት መሆን ነበረበት። ለደለስ ግን ነጻ ማስታወቂያ ሆነለት። ወረቀት ያለው፣ ወሬ ያለው፣ ሂትለር ያስመረረው ሁሉ የት ማንኳኳት እንዳለበት አወቀ። ሄረንጋሰ ቁጥር 23። ቤቱ ከኋላ ወደ አሬ ወንዝ የሚወርድ የአትክልት ቦታ አለው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከኖቬምበር 1940 ጀምሮ ማታ ማታ መብራት ታጠፋ ነበር። የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች በስዊዘርላንድ መብራት እየተመሩ ይመጣሉ ብላ የገፋፋቻት ጀርመን ናት። ጨለማው በኋላ በር ለሚገባ እንግዳ ምን ያህል እንደተመቸ መገመት አያቅትም።

ችግሩ ማውጣቱ ነበር። መረጃው ቢበዛም የሚላክበት ፖስታ የለም፤ ድንበሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ደለስ የሚያየውን ሁሉ በኮድ አድርጎ በስዊዘርላንድ ቴሌግራፍ ነበር የሚልከው። ጆሮ ጠቢውም ብዙ ነው። ዙሪክ በሚገኘው የጀርመን ቆንስላ ውስጥ ሆኖ ከፀረ ሂትለር ሰዎች ጋር የሚሠራው ሀንስ ጊዜቪየስ አንድ ቀን ደለስን አስጠነቀቀው፦ ከአሜሪካ ኮዶች አንዱን ጀርመኖች እያነበቡት ነው። ከጠላት ቆንስላ የመጣ ምክር ነው እንግዲህ።

ከሁሉ የከበደው ማመን

ስለላ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ሚስጥሩን ማግኘት ከባድ እንደሆነ ነው። ገለልተኛ ከተማ ውስጥ ግን ሚስጥር እንደ ሸቀጥ ይዞራል። የሚከብደው የትኛው እውነት እንደሆነ ማወቁ ነው።

አንካራን ተመልከቱ። ቱርክም ያኔ ከጦርነቱ ውጭ ነበረች። ኤልየሳ ባዝና የእንግሊዝ አምባሳደር የግል አሽከር ነው። ልብስ ይተኩሳል፣ መታጠቢያ ያዘጋጃል። በ1943 መገባደጃ የአምባሳደሩን ቁልፍ እየሰረቀ ሰነዶቹን ፎቶ ያነሳና ለጀርመን ኤምባሲ መሸጥ ጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች 20,000 ፓውንድ ጠየቀ። ተከፈለው። ጀርመኖች "ሲሴሮ" የሚል ስም አወጡለት። ሰነዶቹ እውነተኛ ነበሩ። በርሊን ግን "እንግሊዞች ሆን ብለው የላኩት ይሆናል" እያለ ሲጨቃጨቅ ሊጠቀምበት ይችል የነበረውን ብዙ ነገር አባከነ።

በዚያው ወቅት ዋሽንግተንና ለንደን የኮልበን ወረቀቶች ይዘው ያንኑ ጭቅጭቅ ይጨቃጨቁ ነበር። ለወራት። ሁለቱም ወገን እውነተኛ ሚስጥር እጁ ላይ አለ፣ ሁለቱም ውሸት ነው ብሎ ይፈራል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ከኮልበ ወረቀቶች መካከል አንካራ ውስጥ ሲሴሮ የሚባል ምንጭ እንዳለ የሚጠቁሙ ነበሩ። በርን የገባ ወረቀት አንካራ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ተናገረ።

ፍርሃቱ ግን መሠረት ነበረው። ገለልተኛ በነበረችው ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ውስጥ ሁዋን ፑዦል የሚባል ስፔናዊ ለጀርመኖች "ለንደን ነኝ" እያለ ሪፖርት ይጽፍላቸው ነበር። ለንደንን አይቷት አያውቅም። የቱሪስት መመሪያ መጽሐፍና የባቡር ሰዓት ሰሌዳ ይዞ ነው የሸወዳቸው። አንድ ጊዜ ግላስጎው ውስጥ ለአንድ ሊትር ወይን ብለው ምንም ነገር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ ብሎ ጻፈ። የግላስጎው ጠጪ ወይን በሊትር እንደማይገዛ አላወቀም። ጀርመኖቹም አላወቁም። በኋላ እንግሊዞች ራሳቸው ቀጠሩትና ኖርማንዲ ላይ ጀርመንን ካታለሉት ዋነኛው ሆነ።

እንግሊዞች ገለልተኛ ሀገር ወደ ማን እንደምታዘነብል ማወቅ ራሱ መሣሪያ እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። ኤፕሪል 30 ቀን 1943 የመኮንን ልብስ ያለበሱትን አስከሬን፣ ጥቃቱ ግሪክና ሰርዲኒያ ላይ ነው ከሚል ሐሰተኛ ደብዳቤ ጋር፣ በስፔን ጠረፍ፣ ኡዌልቫ አጠገብ ባሕር ላይ ለቀቁት። ስፔን ፍጹም ገለልተኛ ብትሆን ኖሮ ዕቅዱ አይሠራም ነበር። ደብዳቤው ሳይነካ ይመለስላቸዋል። ያሰቡት ሰዎቿ ለጀርመን እንደሚያሳዩላቸው ነው። አሳዩላቸው። እውነተኛው ዒላማ ሲሲሊ ሆኖ ሳለ ጀርመን ግሪክንና ሰርዲኒያን ማጠናከር ጀመረች።

ከመስማት ወደ መነጋገር

ገለልተኛ ሀገር ጆሮ ብቻ አይደለችም። በማርች 1945 የናዚው ኤስኤስ ጦር ጄኔራል ካርል ቮልፍ ጣሊያን ያለውን የጀርመን ጦር እጅ ስለማሰጠት ሊነጋገር ስዊዘርላንድ ገባ። ዙሪክ ላይ ከደለስ ጋር፣ ከዚያም አስኮና ላይ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጄኔራሎች ጋር ተገናኘ። መንገዱን ካመቻቹት አንዱ የስዊዘርላንድ መኮንን ማክስ ቫይብል ነው፤ ያለ መንግሥቱ ፈቃድ። ስታሊን ሲሰማ "ከጀርባዬ ለብቻችሁ ልትታረቁ ነው" ብሎ ከሩዝቬልት ጋር የከረረ ደብዳቤ ተጻጻፈ። ስምምነቱ ኤፕሪል 29 ካዜርታ ላይ ተፈረመ፣ ሜይ 2 ሥራ ላይ ዋለ። አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ በጠቅላላ ከማብቃቱ በፊት የቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ያተረፈው ነፍስ ለተፈጠረው ቂም ይበቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለነዚያ ወታደሮች ስድስት ቀን ብዙ ነው እላለሁ።

ዛሬስ?

ገለልተኝነት የንግድ ምልክትም ነው፤ እሱም ተሰልሎበታል። በ2020 እንደተጋለጠው፣ ስዊዘርላንድ ዙግ አካባቢ ይገኝ የነበረው ክሪፕቶ ኤጂ የሚባለው የማመስጠሪያ ማሽን አምራች ከ1970 ጀምሮ በምሥጢር የሲአይኤና የምዕራብ ጀርመን የስለላ ድርጅት ንብረት ነበር። ከ100 በላይ ሀገሮች ማሽኑን ገዝተዋል። ብዙዎቹን ያሳመናቸው ማሽኑ የስዊዘርላንድ መሆኑ ነው። ያንን ማሽን የገዛ መንግሥት ሚስጥሩን ለመቆለፍ ከፍሎ ቁልፉን ለሌላ ሰጠ ማለት ነው።

ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ገለልተኛ የሚባሉት ቁጥራቸው ተመናምኗል። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ኔቶ ገቡ። ይሄ ደግሞ በቀሩት ላይ ጭነቱን ጨመረው። ቪየናን ውሰዱ። የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ፣ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው፣ ኦፔክና የአውሮፓ የጸጥታና ትብብር ድርጅት እዚያ ናቸው። ሁሉም ሀገር ብዙ ዲፕሎማት የሚያስቀምጥበት ምክንያት አለው። የኦስትሪያ ሕግ ደግሞ ስለላን ሲቀጣ የኖረው በዋናነት ኦስትሪያን ሲጎዳ ነው። ለባዕድ መንግሥት ወታደራዊ የስለላ መዋቅር መዘርጋትን የሚከለክል አንቀጽ አለ። ከዚያ በመለስ ግን አንዱ ባዕድ ሌላውን ባዕድ ሲሰልል ነገሩ ልል ሆኖ ኖሯል። በጁላይ 2010 አሜሪካና ሩሲያ የታሰሩ ሰላዮቻቸውን፣ 10 በ4፣ የተለዋወጡት ቪየና አየር ማረፊያ አስፋልት ላይ ነው። ሁለት አውሮፕላን ጎን ለጎን ቆሞ። ቦታ ሲመረጥ ማንም አልተከራከረም መሰለኝ።

በማርች 2024 አንድ የቀድሞ የኦስትሪያ የመረጃ ባለሥልጣን ለሩሲያ ሠርቷል ተብሎ ሲያዝ መንግሥት ሕጉን እናጠብቃለን አለ። የሚጠብቀው ምኑ ላይ እንደሆነ ግን ማየት ያስፈልጋል። ሕጉ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚነካው የዲፕሎማት ፓስፖርት የሌለውን ነው። ዲፕሎማቱ ይባረራል፣ አገሩ ገብቶ ሌላ ቦታ ይመደባል። ወረቀቱን ያቀበለው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ስልኩን ያዋሰው ነጋዴ፣ ሬዲዮ ሠሪው ግን የሚመለስበት ኤምባሲ የለውም።

ባዝና ከተከፈለው 300,000 ፓውንድ ገደማ አብዛኛው ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ዛክሰንሃውዘን በተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ እስረኞች እንዲያትሙት የተደረገ ብር ነው። ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመንን መንግሥት ካሳ ጠየቀ፤ አላገኘም። ኮልበ ደግሞ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራው ለመመለስ ሞከረ። የቀድሞ ባልደረቦቹ ከሃዲ ነው አሉ። ስለዚህ ስዊዘርላንድ ተመልሶ የሞተር መጋዝ ይሸጥ ጀመር። በ1971 በርን ውስጥ ሞተ። ሚኒስቴሩ በስሙ አንድ አዳራሽ የሰየመው በ2004 ነው።